ጊዜው ሲደርስ ይነገራል

አለምነሽ መስኮቱ ሥር ቆማ ጸጉሯን ስታበጥር፣ ታላቅ እህቷ አበዛሽ ከጓዳ «አለሜ» ብላ ጠራቻት። «ጂንካ፤ መስመር ተይዟል፤ ይጠብቁ» አለች አለምነሽ፣ በስልክ ኦፕሬተር ድምፅዋ። አበዛሽ ሳቀች። ልጇ ተፈሪ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ብርቅ ነበርና፣ ጎደሬ የምትልጥበትን ቢላ እንደያዘች እየሳቀች ብቅ አለች። ያየችው ነገር ግን ሳቋን አቋረጠባት። አለምነሽ ነጠላ የሚሰቀልበትን ምስማር በሁለት ጣቷ ይዛ እየሳበች ነበር፤ ስልክ ቤት ማዞሪያው ላይ ገመድ እንደምትነቅለው። ምስማሩ ከነጭቃው ተፈንቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ ነጠላውም መሬት ወደቀ። አለምነሽ ምስማሩን የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጣ አየችው።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት አበዛሽ።

«እንቅልፍ ነው፣ እትዬ። ገና አልነቃሁም።»

ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ባለሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ዝናብ ሲመታው ሰውን ከሰው የማያሰማማ ቆርቆሮ። በአንደኛው ክፍል እህትማማቾቹ ይተኛሉ፤ ራዲዮኑም እዚያው ነው፤ በሌላው የተፈሪ አልጋ አለ፤ አበዛሽ በየጠዋቱ አንሶላውን አራግፋ መልሳ ታነጥፈዋለች። በዚያን ዕለት አልጋው ላይ አንድ ጥቅል ተቀምጦ ነበር። በሶ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ የታሸገ ቅቤ፣ ከሰልባጅ ተራ በአሥራ ሁለት ብር የተገዛ አረንጓዴ ሹራብ። ሹራቡን ለመግዛት ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጎደሬና ጎመን ሸጣለች። ያለበት ቦታ ብርድ ይሁን ሙቀት እንደማታውቅ፣ ብርድ ከሆነ እንደሚለብሰው፣ ሙቀትም ከሆነ ተንተርሶት እንደሚተኛ እየነገረቻት ጥቅሉን በገመድ ጠፈረችው። ከዚያም አንገቷን ደፍታ፣ «ዛሬ ስልክ ቤት እመጣለሁ» አለች። ገበያ ላይ አጠገቧ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ዘሪቱ፣ ቆስሎ ወደ ቀይ አፈር ከተማ ከተመለሰ አንድ ወታደር ሰምታ ኖሯል፤ አርባ ምንጭ ያለው ጦር ካምፕ ከተደወለ ልጆቹ የት እንዳሉ ይጠየቃል ተብሏል። የዘሪቱ ልጅ ዳርጌና ተፈሪ በአንድ መኪና ነበር የተጫኑት።

«መስመሩ እኮ ሰሞኑን ተበላሽቷል።»

«እጠብቃለኋ። እንደ ሰው ተሰልፌ፣ እንደ ሰው ከፍዬ። እህቴ ናት ብዬ እንድታስቀድሚኝ አይደለም» አለች አበዛሽ። አለምነሽ ቁርሷን ሳትነካ ወጣች።

ጂንካ መሀል ከተማዋ ላይ ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ሜዳ አለ፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላሞች ይግጡበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከቤቷ እስከ ስልክ ቤት በቀጥታ ቢሄዱ ቅርብ ነው። አለምነሽ ግን ካለፉት ሳምንታት ወዲህ ሜዳውን ዙሪያውን ካልዞረች ሥራ መግባት አቅቷታል። ስትመለስም እንደዚያው። በእግሯ ስትደክም ጭንቅላቷ ውስጥ የሚያፏጨው ነገር ትንሽ ይረግብላታል። ፉጨቱ የጀመራት በቀኝ ጆሮዋ ነው፤ ማዳመጫው በሚያርፍበት። መጀመሪያ ጥጥ ወተፈችበት፤ ቀጥላ የሞቀ ዘይት ጨመረችበት። ከዚያ ምግብ አፏ ውስጥ እንደ ገለባ ይሆናል። አንድ ቀን ከገዘር በእግሯ የመጣች ምስኪን ሴት ሳንቲም ጎደላት ብላ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮኸችባት፤ ከዚያም ሽንት ቤት ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። ድሮ በትዕግሥቷ የምትታወቅ ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «ድምፅዋ ብቻ ያሽራል» ይላት ነበር።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገረችም እንጂ እሷ አሳምራ ታውቀዋለች። በ1980 የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ የወታደራዊ ኮሚሳሪያቱ መቶ አለቃ ከአርባ ምንጭ ጥሪ መጣለት። የስልክ ቤቱ ኃላፊ ነጋሽ እንደ ደንቡ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ዝናቡ መስመሩን እንደ ድስት ያፍለቀልቀው ነበር። መቶ አለቃው ከዚያኛው ጫፍ የሚባለውን መስማት ስላቃተው፣ «አንቺ ጆሮሽ ለምዶታል፤ አንቺ ድገሚልኝ» አላት። ግንባር የወደቁ ልጆች ስም ነበር። አርባ ምንጭ አንድ ስም ይላል፤ እሷ ትደግማለች፤ መቶ አለቃው ይጽፋል። ያልሰማውን ፊደል በፊደል ትነግረዋለች። እንዲህ ሲሄዱ ቆይተው አንድ ስም ላይ መቶ አለቃው «ማን?» አለ። እሷም፣ «ተ እንደ ተራራ፣ ፈ እንደ ፈረስ፣ ሪ እንደ ሪዝ» አለች። «የአባት ስም?» «ለማ።» «ቀጥዪ።» ቀጠለች። ዳርጌንም አለች፤ ሌሎቹንም አለች። ሲያበቁ መቶ አለቃው፣ «ይህ የመንግሥት ምስጢር ነው። ጊዜው ሲደርስ በቀበሌ በኩል ለወላጅ ይነገራል» አላት። ሥራ ስትገባ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርማለች፤ አሉባልታ ነዛ ተብሎ የታሰረ ሰው ደግሞ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ያን ማታ ቤቷ ገብታ አበዛሽ ያቀረበችላትን ራት በላች። ከዚያ ወዲህ ጊዜው አልደረሰም።

ጤና ጣቢያው መንገዷ ላይ ነበር፤ የምስማሩ ነገር አስፈርቷታልና ጎራ አለች። ጤና ረዳቱ ዶላሞ የአሪ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጆሮዋን በባትሪ አየላት፤ ግራውንም ቀኙንም አየ። ከዚያ በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ጆሮሽ ደህና ናት» አለ። «ጆሮ አይደለም ያመመሽ። ትተኛለሽ?»

«ትንሽ።»

«ትበያለሽ?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ይሄ ጭንቀት ነው። ሥራ ላይ የመጣ ነው ወይስ ቤት?»

«ሁለቱም አንድ ሆነብኝ» አለች አለምነሽ። ይህን ያህል ብቻ በመናገሯ እንኳ ደረቷ ቀለል ሲላት ታወቃትና ደነገጠች፤ ሌላው ተከትሎ እንዳይወጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዶላሞ አላስጨነቃትም። አስፕሪን ሊሰጣት እንደሚችል፣ ግን ቢሰጣት እያታለላት እንደሆነ ነገራት። «የዕረፍት ወረቀት እጽፍልሻለሁ። ሌላው መድኃኒት ግን እኔ ዘንድ የለም። ያለውን ነገር ለአንድ ሰው ንገሪ። ለእኔ አይደለም፤ ለሚገባው ሰው። የታፈነ ነገር እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በሰውነት ውስጥ በር ሲፈልግ ይዞራል። ዛሬ ጆሮ፣ ነገ ልብ።» ወረቀቱን ጻፈላት፤ ማኅተም መታበት።

ነጋሽ ወረቀቱን አነበበና መልሶ ዘረጋላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው ኦፕሬተር አርባ ምንጭ ለርዕዮተ ዓለም ትምህርት ሄዷል፤ ማዞሪያውን የሚያውቅ ከሷ ሌላ የለም። መስመር ለአንድ ሰዓት ቢዘጋ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤትም ከኮሚሳሪያቱም የሚጠየቀው እሱ ነው። ራሱም ከኪሱ የጨጓራ ኪኒን አውጥቶ እያኘከ ነበር የሚያነጋግራት።

«ጭንቀት ይላል። እዚህ አገር ያልተጨነቀ ማን አለ? እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ሥራና ቤትን ለይተሽ መያዝ ነው፣ አለምነሽ። እዚህ የሰማሽውን በሩ ላይ አራግፈሽ መሄድ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውየው ከትምህርት ይመለስ፤ አሳርፍሻለሁ» አላትና ለስብሰባ ወጣ።

ዝናቡ ረፋዱ ላይ ጀመረ። አዳራሹ እርጥብ ልብስና ጭቃ ሸተተ። አግዳሚው ላይ ከወይጦ የመጣ የመኪና ረዳት፣ ደመወዙ የዘገየበት አስተማሪ፣ ሁለት የቡና ነጋዴዎች ተቀምጠው ስለ ስኳር መጥፋት ያወራሉ። አበዛሽ ስትገባ አለምነሽ በእግሯ ኮቴ አወቀቻት። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ልጇ የት እንዳለ እንደሰማች ልትልከው ጥቅሉን በላስቲክ ጠቅልላ አቅፋለች። ወደ መስኮቱ መጥታ እንደማይተዋወቁ ሆና፣ «አርባ ምንጭ፣ ጦር ካምፑ፤ ሦስት ደቂቃ» አለችና ብሩን አስቀመጠች። አለምነሽ ብሩን አየችው። ልትቀበለውም ልትመልሰውም አልቻለችም። «ይቀመጡ» አለቻት፤ በሥራ ቋንቋ። አበዛሽ እህቷ «እርስዎ» ስላለቻት ፈገግ ብላ ሄዳ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከመስኮቱ አልነቀለችም። አስተማሪው ተደወለለት። ነጋዴዎቹም ተደወለላቸው። ረዳቱ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። አዳዲስ ሰዎች ገቡ። አበዛሽ ወደ መስኮቱ በመጣች ቁጥር አለምነሽ «አልገባም፤ መስመሩ ተይዟል» ትላታለች፤ አበዛሽም «ግድ የለም፤ ልጠብቅ» ብላ ትመለሳለች። እሷን አልፈው እያወሩ የሚወጡትን ሰዎች በዓይኗ ትሸኛለች።

ከቀትር በኋላ ማዞሪያው ላይ የአርባ ምንጩ መስመር መብራት በራ። ኮሚሳሪያቱን ይፈልጋል። አለምነሽ አገናኘች፤ ወዲያው የመቶ አለቃው ድምፅ፣ «አይሰማም፤ እንደ ባለፈው አንቺ ድገሚልኝ» አላት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አዳራሹ ሰው አለበት። ጓድ ነጋሽም የለም።»

«አስወጪያቸዋ!»

ተነሥታ ሰዎቹን እንዲወጡ ለመነቻቸው። እያጉረመረሙ ወደ ዝናቡ ወጡ። አበዛሽ የመጨረሻዋ ነበረች። ጥቅሉ እንዳይበሰብስ ብላ ርቃ አልሄደችም፤ ከማዞሪያው ክፍል መስኮት በላይ ያለውን የቆርቆሮ ክንፍ ተጠለለች። መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ካርቶን ነው የተለጠፈበት። አለምነሽ ማዳመጫውን ስታጠልቅ የእህቷ ትከሻ በካርቶኑ ስንጥቅ ይታያት ነበር፤ ሳሏም ይሰማታል። አርባ ምንጭ የመጀመሪያውን ስም አለ። በደንብ ሰማችው፤ የማታውቀው ልጅ ስም ነው። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። መቶ አለቃው «ማን?» አለ። ደግማ ሞከረች። «ማን ነው የተባለው? አንቺ! ተኝተሻል?» ፉጨቱ ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ግራው አለፈ፤ ክፍሉን ሞላው። ያን ጊዜ እጇ ራሱ ተነሣ። አንደኛውን ገመድ ነቀለች፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ ሰሌዳው ላይ አንድም ሳይቀር ሁሉንም ነቃቀለች። የጂንካ ስልክ በሙሉ ዝም አለ። ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ በሩንም ሳትዘጋ ወጣች።

አበዛሽን በክንዷ ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደቻት። ዝናቡ ላሞቹን ሁሉ አባርሯቸው ሜዳው ባዶ ነበር። እህቷ «ገባ እንዴ? ተገኘ?» እያለች ትከተላታለች። አለምነሽ ቆመች። ድምፅዋ ሲመለስ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

«እትዬ፣ ተፈሪ የለም።»

«የት ሄዶ?»

«ሞቷል። በልግ ሲጀምር ነው የሰማሁት። በእኔ አፍ ነው የተነገረው።»

አበዛሽ አልጮኸችም። ጥቅሉን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ ማታ ማታ ቤታችን ስንጸልይ፣ በሰላም መልስልኝ ብዬ ስሙን ስጠራ፣ አጠገቤ ተንበርክከሽ አሜን ትዪ ነበር» አለች። «እስከ ትናንት ድረስ አሜን ብለሻል።» ታላቅ እህቷ ቀድማት መንገድ ጀመረች፤ እሷ ከኋላ ተከተለቻት።

ነጋሽ አመሻሽ ላይ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ለመቶ አለቃው የማዞሪያው ባትሪ ሞቶ ነው ብሎታል፤ መቶ አለቃው አላመነውም፤ ግን ለዛሬ ዝም ብሏል። «ገመዱን ሁሉ እኔው ነኝ መልሼ የሰካሁት። ሻጥር ነው ቢሉ እኔንም አንቺንም ይበሉናል። ያንን የሐኪም ወረቀት አምጪው» አለ። አለምነሽ አውጥታ ሰጠችው። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከከተተው በኋላ ነው ጥግ ላይ የተቀመጠችውን አበዛሽን ያያት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ነጋሽ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ፤ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ። መሬት ላይ ቁጭ ሊል እንደፈለገ ሁሉ ጎንበስ አለና ተወው።

«እሜቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለ በሹክሹክታ። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ግን ያንኑ የጨጓራ ኪኒን ከኪሱ አውጥቶ መዋጥ ነበረበት። «ልቅሶ እንዳይወጣ። ድንኳን እንዳይጣል። ነጠላውንም... ከየት ሰማችሁ ይባላል። ጊዜው ሲደርስ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ታለቅሳላችሁ።»

«ልጄን ለማልቀስ ፈቃድ ነው የምጠብቀው?» አለች አበዛሽ።

ነጋሽ ለአለምነሽ አሥራ አምስት ቀን እንድታርፍ ነግሯት ሄደ። ዕረፍት ማለት እንግዲህ ከአበዛሽ ጋር በአንድ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መቀመጥ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አበዛሽ፣ «ሌሎቹስ የማን ልጆች ናቸው?» አለች። «ዳርጌ አለበት?» አለምነሽ አንገቷን ደፋች። አበዛሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። «ዘሪቱ ነገ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መኪና አለ ብላ ስንቅ ስታዘጋጅ ነው የዋለችው። ሹራቡን አብረን ነው የመረጥነው። እኔ እያወቅሁ እሷ ስትቋጥር አላይም። ተነሺ፤ እኔው እነግራታለሁ፤ ቢያስሩም እኔን ይሰሩ።» አለምነሽ ልትከለክላት አቅም አልነበራትም፤ ደግሞም መከልከል አልፈለገችም።

የዘሪቱ ቤት ከእነሱ አጥር አለፍ ብሎ ነው። በሯ ላይ ሲደርሱ አበዛሽ ቆም አለችና ነጠላዋን አቃናች። ዘሪቱ ኩራዝ አብርታ በሶ በወንፊት ትነፋለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኗል። «ኑ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ብላ አጎዛ አነጠፈችላቸው። «ስልኩ ገባልሽ? ምን አሉሽ?»

አበዛሽ አፏን ከፈተች። ዘሪቱ ወንፊቱን ይዛ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ያለው የልጅ ተስፋ ለሚያየው የሚያሳፍር ነበር።

«አልገባም» አለች አበዛሽ። «ዝናቡ ነው።»

«ምን ይደረጋል። ነገ ይገባል» አለች ዘሪቱ። በሶውን መንፋቷን ቀጠለች። ዳርጌ ስኳር ሲበዛበት ስለሚወድ የቀበሌውን ራሽን ሁሉ እንደጨመረችበት አወራች። አበዛሽ ስለ ጎደሬ ዋጋ መለሰችላት፤ የገዘር ሴቶች በርካሽ እየጣሉት ገበያውን እንዳበላሹባቸው ነገረቻት። ዘሪቱ ውሃ አቀረበች፤ ሁለቱም ጠጡ። ሲወጡ ዘሪቱ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው።

ጨለማው ውስጥ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ አበዛሽ የሰው አጥር ያዘችና ጎንበስ ብላ ውሃውን አስመለሰችው። አለምነሽ ግንባሯን ይዛላት ቆመች።

«ነገ እነግራታለሁ» አለች አበዛሽ አፏን እየጠረገች።

አጥሩን ለቃ ወደ አለምነሽ ዞረች።

«እንቅልፍስ እንዴት ይወስድሽ ነበር?»

«አይወስደኝም።»

አበዛሽ ይቅር አልኩሽ አላለችም። መንገዱ አዳልጧት ስለነበር የእህቷን ክንድ ያዘች፤ እንደተያያዙም ገቡ። በሩን ዘግተው ከቀረቀሩ በኋላ አበዛሽ ወደ ተፈሪ ክፍል ሄደች፤ ከአልጋው ላይ ትራሱን አንሥታ አፏ ላይ ጫነችና ማልቀስ ጀመረች። አለምነሽ ጥቂት ቆማ አዳመጠች። ከዚያም ለጎረቤት እንዳይሰማ ራዲዮኑን ከፍታ ድምፁን ጨመረችው።